የአምቡሊ ጠብታ ደምና የ4.0 ታሪክ

ጅቡቲ ባሕር ከቧት ውሃ የጠማት ከተማ ናት። በ1890ዎቹ ወደቧ ሲቆረቆርና የባቡር ሐዲዱ ወደ ድሬዳዋ መዘርጋት ሲጀምር ጥሟን ያስታገሠላት ከአምቡሊ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውሃ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምቡሊ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ተኝቶ የሚከርም ወንዝ ነው፤ ከላይ ሲዘንብ ግን በኤፕሪል 2004 እንዳደረገው ደንፍቶ ይመጣና ሰውም ቤትም ጠራርጎ ይሄዳል። ከአሸዋው ሥር ያለው ውሃ የቴምርና የአትክልት ቦታዎችን አለመለመ፣ ከተማዋን አጠጣ፤ ለትንኝም ተረፈ። በኋላ ደግሞ ሌላ ትንኝ መጣች። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2012 በጅቡቲ ስትገኝ የከተማ ሰው ውሃ የሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ተመችቷት ነበር። በዚያ ዓመት ሠላሳ የማይሞሉ የወባ ሕሙማን የመዘገበችው አገር በ2020 ከ73,000 በላይ መዘገበች። ዘራቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ወንድ ትንኞች በሜይ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ሲለቀቁ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ሰፈር አምቡሊ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ትንኝ አይደለም፤ ስለ ደም ምርመራ ነው። ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም የሚደረግበት ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ተውሳኩን ራሱን አያይም። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ተውሳኩ የሚሠራውን ኤችአርፒ2 የተባለ አንድ ፕሮቲን ነው። በጅቡቲ በ2019 በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከተመረመሩት ተውሳኮች አብዛኞቹ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጠፍቶባቸዋል። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ፣ ተውሳኩ ደሙ ውስጥ እየተራባ መመርመሪያው «የለም» ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተጠየቀው ስለ ፕሮቲኑ ነበር፤ በሽተኛውና ሐኪሙ የሰሙት ግን ስለ ወባ የተነገረ መስሏቸው ነው። በዓለም ላይ በወንዶች ደም ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ፣ ክርክርና ጭንቀት ያስከተለው ምርመራም ታሪኩ የዚሁ መልክ የተገለበጠ ነው። በአምቡሊ በሽታው እያለ ፕሮቲኑ ጠፋ፤ በፕሮስቴት ደግሞ ፕሮቲኑ እያለ ብዙ ጊዜ በሽታው የለም፣ ወይም ቢኖርም የማይገድል ነው። ፒኤስኤ የሚባለው ይህ ምርመራ ሲወለድ የተሰጠው ሥራ ሌላ ነበር፤ ኋላ የተሾመበት ወንበር ሌላ ሆነ። ክርክሬ ቀላል ነው፦ ለእኛ አካባቢ ወንዶች ምርመራው የሚበጀው መጀመሪያ ወደተሠራበት ሥራ ሲመለስ ነው።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ የተቀመጠ፣ በጎልማሳ ወንድ እንኮይ የሚያህል ዕጢ ነው። ዕጢውን በደም በኩል ለማወቅ የተደረገው ጥረት ከፒኤስኤ በፊት ይጀምራል። በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ አሌክሳንደርና ኤቴል ጉትማን የተባሉ ባልና ሚስት ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸው ወንዶች ደም ላይ አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለ ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1941፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሃጊንስ ከባልደረባው ክላረንስ ሆጅስ ጋር ለጆሮ የሚከብድ ሕክምና ይዞ ቀረበ፤ የሕመምተኛውን የዘር ፍሬ ማውጣት። ካንሰሩ የሚመገበው ከዘር ፍሬ የሚመነጨውን ሆርሞን ስለሆነ ምግቡ ሲቋረጥበት ይከሳል። ሃጊንስ ይህን ያረጋገጠው በደም ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሲድ ፎስፋቴዙ ሲወርድ፣ የወንድ ሆርሞን በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ሲወጣ ለካ። በ1966 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሥራ ይህ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደሙ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። ሕመምተኛው ታውቋል፣ በሽታው ታውቋል፣ ሕክምናው ተጀምሯል፤ ደሙ የሚጠየቀው «እየሠራ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደም ጥሩ ምስክር ነው፤ ሰውየውን የሚያወዳድረው ከራሱ ጋር ነውና።

ፒኤስኤ ራሱ የተገኘው በተለያዩ ሰዎች እጅ፣ ለተለያየ ጉዳይ ነው፤ «አባቱ ማነው?» የሚለው ሙግት እስካሁን አልበረደም። ሪቻርድ አብሊን በ1970 የፕሮስቴት አንቲጅኖችን ገለጸ። በጃፓን ሃራና ባልደረቦቹ በ1971፣ በካሊፎርኒያ ጆርጅ ሴንሳባው በ1978 ከዘር ፈሳሽ ውስጥ ለዩት፤ የእነሱ ፍላጎት የፖሊስ ምርመራ ነበር፤ የመደፈር ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ የዘር ፈሳሽ መኖሩን የሚያረጋግጥ ምልክት። በ1979 በበፋሎ ከተማ በሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ማዕከል ሚንግ ዋንግና ሚንግ ቹ ከዕጢው ላይ አጥርተው አወጡት፤ በ1980 ደም ውስጥ መለካት እንደሚቻል ታወቀ። የፕሮቲኑ ተፈጥሯዊ ሥራ የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው፤ ጤነኛውም ዕጢ፣ ያበጠውም፣ የተቆጣውም፣ ካንሰር ያለበትም ይሠራዋል። ስሙ ሲተረጎም «የፕሮስቴት ብቻ የሆነ» ማለት ነው፤ «የካንሰር ብቻ የሆነ» የሚል ስም ማንም አላወጣለትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1986 ምርመራውን ሲፈቅድ ይህን ያውቅ ነበር፤ ፈቃዱ የተሰጠው በሽታቸው አስቀድሞ የታወቀ ወንዶችን ለመከታተል ነው። ከሃጊንስ ጥያቄ አንድ እርምጃ አላለፈም፤ መለኪያው ብቻ የተሻለ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ጉባኤ የተወሰነ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያታዊ እየመሰለ የመጣ ነው። በ1987 የስታንፎርዱ ቶማስ ስቴሚ ፒኤስኤ ከአሲድ ፎስፋቴዝ የበለጠ የካንሰሩን መጠን እንደሚከተል ጻፈ። በ1991 የሴንት ሉዊሱ ዊሊያም ካታሎና ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 1,653 ጤነኛ ወንዶችን ደም መርምሮ፣ የፒኤስኤ ቁጥራቸው ከ4.0 እስከ 9.9 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከነበሩትና ከዕጢያቸው ናሙና ከተወሰደላቸው ከመቶ 22፣ ከ10 በላይ ከነበሩት ደግሞ ከመቶ 67 ካንሰር እንደተገኘባቸው አስታወቀ። ጥያቄው እዚህ ላይ ተለወጠ። ደሙ «ሕክምናው እየሠራ ነው ወይ?» ከመባል «ይህ ምንም ያላመመው ሰው ታሟል ወይ?» ወደመባል ተሻገረ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ምርመራውን ካንሰር ለመፈለጊያነት የፈቀደው በ1994 ነው፤ በአሜሪካ አዲስ የሚመዘገበው የፕሮስቴት ካንሰር ቁጥር ጣሪያ የነካው ግን በ1992 ነበር። ልማዱ ሕጉን በሁለት ዓመት ቀድሞታል። ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ በሚከበር የፕሮስቴት ካንሰር ሳምንት ሰው በነጻ ይመረመር ነበር፤ ነጻ ምርመራ እምቢ የሚል ደግሞ ጥቂት ነው።

4.0 የምትባለው ቁጥር እንደ ድንበር ስትቆም ከዚያ በታች ያለ ወንድ «ነጻ ነህ»፣ ከዚያ በላይ ያለ «ና እንይህ» ይባል ጀመር። ድንበሩ ግን ተፈጥሮ ያሰመረችው አልነበረም። በ2004 ታትሞ የወጣው የኢያን ቶምፕሰንና የባልደረቦቹ ሥራ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ በሰባት ዓመት ክትትል ፒኤስኤያቸው ከ4.0 አልፎ የማያውቅ 2,950 ወንዶች ናሙና ሲወሰድላቸው ከመቶ 15 ያህሉ ካንሰር ነበረባቸው። «ነጻ» የተባለ ሁሉ ነጻ አልነበረም፤ የተገኘው ካንሰርም ሁሉ ለሞት የሚያበቃ አልነበረም። ሁለተኛው ነጥብ ያኔ አዲስ ሊሆን አይገባውም ነበር። የጆንስ ሆፕኪንሱ አርኖልድ ሪች በ1935 በሌላ ምክንያት የሞቱ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን አስከሬን ሲመረምር ከሰባቱ በአንዱ ላይ ማንም ያላወቀው የፕሮስቴት ካንሰር አግኝቶ ነበር። ሰዎቹ ካንሰሩን ይዘው ኖረው ካንሰሩን ይዘው ሞቱ፤ ካንሰሩ ግን አልገደላቸውም። ደም እየመረመሩ እንዲህ ያለውን የተኛ ካንሰር መቀስቀስ ትርፉ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ሽንት አለመቆጣጠርና የወንድነት ኃይል ማጣት ሊሆን ይችላል። ምርመራውን ካስፋፉት አንዱ የሆነው ስቴሚ ራሱ በ2004 የፒኤስኤ ዘመን በአሜሪካ አብቅቷል ሲል ጻፈ፤ አብሊን በ2010 በኒውዮርክ ታይምስ ልማዱን የሕዝብ ጤና ጥፋት ብሎ ወቀሰው። ሰው የራሱን ልጅ ሲያወግዝ መስማት ሁልጊዜ ትኩረት ይስባል፤ ማስረጃውን ግን ከቁጣው ለይቶ ማየት ይገባል።

ማስረጃው ደግሞ ወገን አይለይም፤ ምርመራውን የሚደግፍም አለ። በአውሮፓ 182,000 ያህል ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት የመጀመሪያ ውጤት በ2009 ሲታተም ምርመራው የፕሮስቴት ካንሰር ሞትን ከመቶ 20 ያህል ቀንሷል፤ አንድ ሰው ከሞት ለማዳን ግን 1,410 ወንዶችን መጥራትና 48 ሰዎችን ማከም አስፈልጎ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ ይሁንና ምርመራ እንዳያደርጉ ከተመደቡት ብዙዎቹ በየሐኪማቸው ዘንድ ተመርምረው ስለነበር ንጽጽሩ ተበላሽቷል። የአውሮፓው ጥናት ለ23 ዓመት ከተከታተለ በኋላ በ2025 ሲታተም የሞቱ ቅናሽ ከመቶ 13፣ አንድ ሰው ለማዳን የሚጠሩት ደግሞ 456 ሆነዋል። በእንግሊዝ በምርመራ ካንሰር የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን በቀዶ ሕክምና፣ ሌላው በጨረር፣ ሦስተኛው ያለ ሕክምና በቅርብ ክትትል ቢያዙ ከ15 ዓመት በኋላ በካንሰሩ የሞቱት በሦስቱም ወገን ጥቂት፣ ከመቶ 3 ገደማ፣ ነበሩ። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2012 ምርመራውን አታድርጉ አለ፤ በ2018 ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 የሆኑ ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ይወስኑ ብሎ አለዘበው። ስለዚህ «ፒኤስኤ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ቁጥሮቹን አላነበበም፤ «ፒኤስኤ ሕይወት ያድናል» ብሎ እዚያው የሚያቆምም ግማሹን ብቻ አንብቧል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 በኮባልት መሣሪያ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይም ለመላው አገር ብቸኛው ሆኖ ቆየ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተቋቋመው በ2011 ነው። በጅቡቲ የሚኖር ሰው፣ ኢትዮጵያዊውም ጅቡቲያዊውም፣ ከባድ ሕመም ሲገጥመው የድሬዳዋን መንገድ ይዞ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱ የቆየ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የደም ምርመራ ከሰንሰለቱ ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ቀለበት ነው፤ በአዲስ አበባ የግል ላቦራቶሪዎች ፒኤስኤ በጠቅላላ ምርመራ ዝርዝር ውስጥ አብሮ ሲገባ ይታያል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ግን ርካሽ አይደለም፤ የዩሮሎጂ ሐኪም፣ ናሙና መውሰድ፣ ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ኤምአርአይ፣ ከዚያም የሚያዋጣው ቀዶ ሕክምና ይሁን ጨረር ወይስ መጠበቅ የሚለው ምክር። በአውሮፓው ጥናት የታየው ቅናሽ የመጣው ከሰንሰለቱ ሁሉ ነው። የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ገዝቶ የመጨረሻውን ትርፍ መጠበቅ መመርመሪያውን ይዞ መድኃኒቱን እንደመርሳት ነው። ቁጥሩ 6 የሆነበትና ወደ ማን እንደሚሄድ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ያገኘው ነገር ቢኖር የእንቅልፍ ማጣት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። «በእኛ አገር ወንዶች ወደ ሐኪም የሚመጡት ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ፣ ወገባቸውን ከያዘ፣ ሽንታቸው ከቆመ በኋላ ነው። ከመጠን በላይ መመርመር የሀብታም አገር ችግር ነው፤ የእኛ ችግር ዘግይቶ መምጣት ነው። ታዲያ ጤነኛውን ሁሉ ቀድሞ መመርመር የሚያስፈልገው ለእኛ አይደለም ወይ?» ዘግይቶ መምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዘግይተው ከሚመጡት ብዙዎቹ ምልክት ሳይኖርባቸው የቆዩ አይደሉም። ሌሊት አራት ጊዜ መነሣት፣ ሽንት መቆራረጥ፣ ማማጥ፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘው ቆይተው «እርጅና ነው» ብለው፣ ወይም ከወገብ በታች ያለን ነገር ለሰው መናገር አፍረው ዝም ያሉ ናቸው። እነዚህን ሰዎች መመርመር ጤነኛን ማጣራት አይባልም፤ የታመመን ማከም ነው። ምልክት ባለበት ሰው ላይ የፒኤስኤ ቁጥር ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን በጣቱ ከሚዳስስበት ምርመራ ጋር ሲነበብ ብዙ ይናገራል፤ በመቶዎች ሲቆጠር ደግሞ የሚናገረው ግልጽ ነው። ገና ያልተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እንደማይሰጥ፣ የሽንቱ ችግርም ብዙ ጊዜ ከካንሰር ሳይሆን ከተራ የዕጢ ማበጥ እንደሚመጣ አልክድም፤ በዚህ መንገድ የሚያመልጥ ካንሰር ይኖራል። ነገር ግን ያለን ሐኪምና ያለን የጨረር መሣሪያ የተቆጠረ ከሆነ ወረፋው ላይ መጀመሪያ መቆም ያለበት ያመመው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ዘርን ይመለከታል። ጥቁር አሜሪካውያን በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝም የመሞትም ዕድላቸው ከነጮቹ በእጅጉ ከፍ ያለ ነው፤ በእንግሊዝም ከአራት ጥቁር ወንዶች አንዱ በዕድሜው ይያዛል ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ «አፍሪካዊ ሁሉ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ ይመርመር» የሚሉ አሉ። እነዚህ አኃዞች ግን የተሰበሰቡት አብዛኛው የዘር ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሚመዘዝ ሕዝቦች ነው፤ የአፍሪካ ቀንድ ሰው በዚያው ሚዛን ይቀመጥ ዘንድ ቆዳው ብቻ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ታላላቆቹ የምርመራ ጥናቶችም ጥቁር ወንዶችን እጅግ ጥቂት ነው የያዙት፤ ስለዚህ «ምርመራው ለጥቁር የበለጠ ይጠቅማል» የሚለውም «አይጠቅምም» የሚለውም ከእነሱ በቀጥታ አይወጣም። በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚኖር፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘበት ኢትዮጵያዊ ሐኪሙን ቀደም ብሎ ቢያማክር ተገቢ ነው፤ ሰንሰለቱ በሙሉ እጁ ላይ አለለት። በአምቡሊ ወይም በደብረ ማርቆስ ላለው ወንድሙ ያንኑ ምክር ቃል በቃል መላክ ግን የወባውን መመርመሪያ ስህተት መድገም ነው፤ በአንድ ቦታ እውነት የተናገረ መሣሪያ በሌላ ቦታ ያንኑ ይናገራል ብሎ ማመን።

ፒኤስኤ ለእኛ የሚሠራው ሥራ ግን አለ፤ እሱም በ1941 አሲድ ፎስፋቴዝ የሠራው፣ በ1986 ለፒኤስኤ የተፈቀደለት ሥራ ነው። የዘር ፍሬ ማውጣት ከሃጊንስ ዘመን ጀምሮ ርካሹ፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቀው ሕክምና ነው፤ ሆርሞኑን የሚያቋርጥ መርፌ በየሦስት ወሩ መግዛት ለማይችል ሕመምተኛ ዛሬም ዋነኛ አማራጭ ነው። ይህን ሕክምና ወይም ሌላውን የወሰደ ሰው ቁጥሩ ከ200 ወደ 3 ወርዶ ከሆነ ሕክምናው ይዟል፤ ከ3 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 30 መውጣት ከጀመረ በሽታው መንገድ አግኝቷል፤ ሐኪሙ አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት ያውቃል። ለዚህ ሥራ 4.0 የሚባል ድንበር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የትናንቱ ቁጥር ነው። የሽንት ትቦ የገባለት፣ ሽንቱ ተዘግቶበት የነበረ ወይም የዕጢ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ቁጥሩ ያለ ካንሰር ከፍ ሊል ይችላል፤ ዕጢ የሚያኮማትረውን ፊናስተራይድ የሚውጥ ሰው ደግሞ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። እነዚህን ሁሉ ለይቶ የሚያነብ የቁጥሮች ተከታታይነት ነው፤ አንዲት ነጠላ ቁጥር ይህን አትችልም።

ችግሩ ያ ተከታታይነት በየመንገዱ መበጣጠሱ ነው። ሕመምተኛው ጅቡቲ ላይ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ድሬዳዋ ላይ በሌላ፣ አዲስ አበባ ላይ በሦስተኛ ይመረመራል፤ መሣሪያቸው ስለሚለያይ ቁጥራቸው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ የፊተኛው ወረቀት ደግሞ ከቤት ቀርቷል ወይም ጠፍቷል። አዲሱ ሐኪም የሚያየው አንዲት ቁጥር ብቻ ነው፤ ያለፈውን ሳያውቅ በእሷ ይፈርዳል። አንባቢ ሆይ፣ አባትዎ ወይም አጎትዎ የሽንት ሕመም ካለባቸው «እርጅና ነው» ብለው አይተዋቸው፤ ተመርምረው ከሆነም የሚቻል ከሆነ በዚያው ላቦራቶሪ ያስደግሙላቸው፤ ቀኑና ቁጥሩ ያለበትን ያችን ወረቀት አጣጥፈው ከመታወቂያቸው ጋር ያስቀምጡላቸው፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱም ይዘውላቸው ይሂዱ።